አባባ የማያምኑት መኪና

ጥያቄው በአጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂዋ በአውቶሞቲቭ ደረጃ 4 ልትመረቅ ጥቂት ወራት የቀሯት የአዲስ አበባ ልጅ ናት። አባቷ ከ20 ዓመት በላይ የሠሩበት ጋራዥ አላቸው። እሷ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ላይ ማተኮር ትፈልጋለች። አባቷ ደግሞ «ይሄ የአምስት ዓመት ሞቅታ ነው። ባትሪው ሲሞት መኪናው ብረት ነው። ባቡሩን አላየሽም? በስንት ጭፈራ መጥቶ የት ደረሰ?» ይሏታል። ጓደኛዋ ባቡር ላይ ሥራ እንድትፈልግ ትገፋፋታለች። «ማንን ልስማ?» ስትል ጽፋልኛለች።

እህቴ፣

መጀመሪያ አባባን ስሚያቸው። ይህን የምልሽ ለአክብሮት ብቻ ብዬ አይደለም። ሰው 20 ዓመት ሙሉ የመኪናውን ቁልፍ ሲያስረክባቸው ኖሯል። እሳቸው ሲጠራጠሩ ደንበኞቻቸውም በሆዳቸው የያዙትን ነው የሚነግሩሽ። ነገ የራስሽን ሥራ ስትጀምሪ በር ላይ የሚጠብቅሽ ጥያቄ ይሄው ነው።

ከባቡሩ ልጀምር። ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ መኪናን የሚፈርድበት በባቡሩ ነውና። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። 41 ባቡሮች ነበሩት። እኔ ራሴ ያን ሰሞን ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ ከአያት ጦር ኃይሎች ደርሼ ተመልሻለሁ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን ባቡሮቹ አንድ በአንድ መቆም ጀመሩ። ሐዲዱ አለ፣ ጣቢያው አለ፣ ተሳፋሪውም ተሰልፎ ይጠብቃል። የጠፋው መለዋወጫና ጥገና ነው።

አሁን ድሬዳዋን አስቢ። የድሮው ባቡር፣ የድሬ ሰው ሸሚንደፈር የሚለው፣ እዚያ የደረሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ያ መስመር ለብዙ አሥርት ዓመታት የተንቀሳቀሰው ድሬዳዋ ትልቅ የጥገና ወርክሾፕ ስለነበረው ነው። የተበላው ብረት እዚያው ይጠገናል፤ አንዳንዱ ዕቃ እዚያው ይሠራል። አባት ሙያውን ለልጁ ያስተምራል። ስለዚህ አባባ ባቡሩን ሲያነሱ እውነታቸውን ነው፣ አትከራከሪያቸው። እኔ ግን ከባቡሩ የተማርኩት ኤሌክትሪክ እንደማያዋጣ አይደለም። ጠጋኙ ሳይዘጋጅ የገባ ዕቃ እንደሚቆም ነው። አንቺ ደግሞ የምትማሪው ጠጋኝ ለመሆን ነው።

ወደ መኪናው ልምጣ። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ ውጪ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነዳጅ የምንገዛው በዶላር ነው፤ መብራታችን ግን ከሞላ ጎደል ከራሳችን ውኃ ይመነጫል። መኪናው ገባ፤ ጠጋኙ ግን ገና ነው።

ባለፈው ሰሞን የተሳፈርኩባት የሜትር ታክሲ ኤሌክትሪክ ነበረች። ስክሪኗ በሙሉ በቻይንኛ ነው። ሾፌሩ ነጭ ፕላስተር እየቆረጠ ከስክሪኑ ዳርና ዳር ለጥፎ፣ በእስክሪብቶ «ሙቀት»፣ «መስኮት»፣ «ቻርጅ» ብሎ ጽፎበታል። አንዱ ፕላስተር ላይ ያለው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። ምንድን ነው ብለው «እሱን የሚነግረኝ አላገኘሁም፣ ሲበራ ቆሜ እጠብቃለሁ» አለኝ። ልጄ፣ የአንቺ ሥራ ያቺ የጥያቄ ምልክት ናት። የቻይንኛ ትምህርት ካገኘሽ ጀምሪ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት አለ። የጥገና መመሪያውን ማንበብ የምትችል ልጅ ጋራዥ ለጋራዥ አትንከራተትም።

«ባትሪው ሲሞት» የሚለው ስጋት ግማሹ እውነት ነው። ባትሪ ውድ ነው፣ እያደርም ይደክማል። ግን እንደ ካንዴላ አንድ ነጠላ ዕቃ አይደለም። ሴል የሚባሉ ትንንሽ ባትሪዎች በአንድ ተራ በተከታታይ የተያያዙበት ሳጥን ነው፤ ብዙ ጊዜ መቶ ገደማ ይሆናሉ። አንዱ ሲደክም ሌሎቹን ይጎትታል፣ መኪናውም ሙሉው ባትሪ ያለቀ ይመስላል። በመመርመሪያ መሣሪያ የየሴሉን ቮልቴጅ የምታነብ ባለሙያ የደከመውን ለይታ ታወጣለች። ያገለገለ መኪና ለመግዛት የመጣ ሰው ከደላላው በፊት ይህን ንባብ ቢያይ ስንት እንደሚከፍልሽ አስቢው። ይህ ብቻውን አንድ ሥራ ነው፤ ደግሞ ብዙ ቦታ አይፈልግም።

የመብራቱ ነገርም የስሌት ጉዳይ ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ባዶ ሆኖ ከተራ ሶኬት በ3 ኪሎዋት ቢሞላ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በ7 ኪሎዋት ቻርጀር ከ9 ሰዓት ብዙም አያልፍም። ከተማ ውስጥ ውሎ የሚገባ ሰው በየቀኑ ባዶ አያደርገውም። ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል መብራት ቢጠፋም ጠዋት ይሄዳል። ረጅም መንገድ የሚሄድ፣ ቻርጅ ማድረጊያ በሌለበት ክፍለ ሀገር የሚሠራ ሰው ግን መፍራቱ ልክ ነው። እንዲህ ላለው ደንበኛ «አይዞህ ግዛ» አትበይው። «ላንተ ገና ነው» በይው። ዛሬ እውነቱን የነገርሽው ሰው ነገ መኪናውን ይዞ ይመጣል።

ለዚህም ነው ናፍጣውን እርግፍ አድርገሽ እንድትተዪ የማልመክርሽ። አይሱዙው፣ ሲኖትራኩ፣ ሚኒባሱ ነገ ከመንገድ አይጠፉም። ፍሪሲዮንና ካምቢዮ አውርዶ መግጠም የአባባን ያህል የሚያስተምርሽ የለም። ደግሞ ፍሬን፣ ኩሽኔት፣ ጎማና የእግር ሥራ በኤሌክትሪክ መኪናም ላይ አለ። ባትሪው ከባድ ስለሆነ እንዲያውም ጎማ ይበላል።

ስለ ባቡሩ ሥራ ብዙ አልልም። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ለዓመታት በቻይና ኩባንያዎች ሲተዳደር ቆይቶ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች ተላልፏል። ማስታወቂያ ከወጣ ተወዳደሪ፣ ምንም አይጎዳሽም። ግን እሱን እየጠበቅሽ አንድ ዓመት ቤት አትቀመጪ። አንቺ ከአልጋሽ ስትነሺ የሚከፈት ጋራዥ አለሽ።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ብርቱካናማ ገመድ ውስጥ ከ300 እስከ 400 ቮልት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ አለ። ይገድላል። ሠልጥነሽ ሳትጨርሺ፣ የከፍተኛ ቮልቴጁን ማቋረጫ ሳታወጪ፣ መመሪያው የሚለውን ደቂቃ ሳትጠብቂ፣ በቴስተር ዜሮ መሆኑን ሳታረጋግጪ እጅሽን አታስገቢ። ብቻሽን ሆነሽም አትንኪው። ሰው ቢቸኩል፣ ቢቆጣ፣ እጥፍ ልክፈልሽ ቢል እምቢ በይ። ጋራዡ ውስጥ ያሉትም ልጆች ቀለሙን እንዲያውቁት አድርጊ፤ ረዳት ልጅ ሳያውቅ ነው የሚነካው።

ገንዘብ ካጠራቀምሽ መጀመሪያ የምትገዢው ለ1000 ቮልት የተሠራ የጎማ ጓንት ይሁን። ቀጥሎ ጥሩ ቴስተር። መመርመሪያው ሦስተኛ ይምጣ። ከዚያ ለአባባ አንድ ጥግ ጠይቂያቸው፣ የአንዲት መኪና ቦታ ብቻ። የመጀመሪያዋ መኪና የገባች ቀን የሴሎቹን ንባብ ለደንበኛው ከማሳየትሽ በፊት ለእሳቸው አሳዪአቸው። የሚጠይቁሽን ጥያቄ ሁሉ ደብተር ላይ ጻፊውና ላኪልኝ። እኔም መልሱን ከአንቺ መስማት እፈልጋለሁ።