ባለ ስታይል ጽሑፍን በገጽ መከፋፈል፦ ፊደል አትቁጠር፣ መስመር ለካ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ልድገመው፦ ከኤችቲኤምኤል ወደ ስፓንድ (ድምቀትና ቀለም የመሰለውን ስታይል አብሮ የሚይዝ የአንድሮይድ ጽሑፍ) የቀየርከው ረጅም ምዕራፍ አለህ። አንድሮይድ ላይ እንደ መጽሐፍ በገጽ በገጽ እንዲነበብ ትፈልጋለህ። በየ1000 ፊደሉ እየቆረጥክ ቪውፔጀር (ገጾችን በማንሸራተት የሚያሳይ የአንድሮይድ ክፍል) ላይ ታሳያለህ። ግን አንዱ ገጽ ግማሹ ባዶ ይሆናል፣ ሌላው ከታች ይቆረጣል፣ ደማቁና ዘመም ያለው ጽሑፍም ይጠፋል።

ከቀላሉ ልጀምር። ስታይሉ የጠፋው የሆነ ቦታ ላይ ቱስትሪንግ ስለጠራህ መሆን አለበት። ቱስትሪንግ ባዶ ፊደሉን ብቻ ነው የሚሰጥህ። ስፓንዱ ላይ በቀጥታ ሰብሲኩዌንስ ጥራ፤ ድምቀቱንም ቀለሙንም ሊንኩንም ይዞ ይቆርጥልሃል።

ትልቁ ችግር 1000ው ነው። የፊደል ብዛት ስለ ቁመት ምንም አይነግርህም። ትልቅ ርዕስ አለ፣ ሥዕል አለ፣ ሁለት ቃል ብቻ ያለው አንቀጽ አለ። ገጽ የሚለካው በመስመር ነው። መስመሩ የት እንደሚሰበር የሚያውቀው ደግሞ ሌይአውቱ፣ ማለትም ጽሑፉን በመስመር በመስመር የሚደረድረው የአንድሮይድ ክፍል፣ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሙሉውን ምዕራፍ አንዴ ለስታቲክሌይአውት ስጠው፤ የማይለወጥ ጽሑፍ የሚደረድር ሌይአውት ነው። ስፋቱ ጽሑፉን ስክሪን ላይ የሚያሳየው የቴክስትቪው ስፋት ነው፣ የግራና የቀኝ ፓዲንግ (የዳር ክፍተት) ተቀንሶ። ቪው ገና ስክሪን ላይ ሳይደላደል ከጠየቅከው ስፋቱ ዜሮ ነው፤ መጀመሪያ ሌይአውት እስኪደረግ ጠብቅ። ከዚያ መስመር በመስመር ውረድ። ገጹ ከጀመረበት መስመር አናት እስከ አሁኑ መስመር ግርጌ ያለው ርቀት ከገጹ ቁመት ከበለጠ፣ ይህ መስመር የሚቀጥለው ገጽ መጀመሪያ ነው። አናቱን ጌትላይንቶፕ፣ ግርጌውን ጌትላይንቦተም፣ መስመሩ የሚጀምርበትን ፊደል ጌትላይንስታርት ይሰጡሃል። አንድ መስመር ብቻውን ከገጹ ከረዘመ ግን (ትልቅ ሥዕል ሲኖር ይህ ይመጣል) ለብቻው አንድ ገጽ ስጠው። ካለዚያ ሉፑ እዚያው ይሽከረከራል።

አሁን ብዙ ሰው የሚንገላታበት ቦታ ላይ ደርሰናል። የለካህበት ሌይአውትና የምታሳይበት ቴክስትቪው አንድ ዓይነት ካልሆኑ ልፋትህ ሁሉ ከንቱ ነው። ፔይንቱን (የፎንቱንና የመጠኑን መረጃ የያዘውን) ከራሱ ከቴክስትቪው ውሰድ። የመስመር ክፍተቱ፣ ኢንክሉድፓዱ (ከላይና ከታች የሚጨመረው የፎንት ክፍተት)፣ የቃል አሰባበሩ መግጠም አለባቸው። በተለይ አንድ ነገር አለ፤ በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ ሰው ይህን ባያውቅ ይቸገራል። ዋናው ፎንት ውስጥ የሌለ ፊደል ሲመጣ አንድሮይድ ከሌላ ፎንት ይበደራል። አፕህ ኤፒአይ 28ን (አንድሮይድ 9ን) ወይም ከዚያ በላይ ታርጌት ካደረገ፣ ቴክስትቪው የመስመሩን ቁመት ለተበደረው ፎንት እንዲበቃ ያሰፋዋል። ስታቲክሌይአውትን የምትሠራበት ቢልደር ግን ካላዘዝከው አያሰፋም። በአንድ መስመር ላይ ልዩነቱ ጥቂት ፒክስል ነው፤ እስከ ገጹ ግርጌ ሲደማመር የመጨረሻውን መስመር ይበላዋል። መፍትሔው ቢልደሩ ላይ ሴትዩዝላይንስፔሲንግፍሮምፎልባክስን ትሩ ማድረግ ነው። ከታች ይቆረጣል ያልከውን በመስመር ከለካህ በኋላም ካየኸው፣ መጀመሪያ እዚህ ፈልገው።

ቀጥሎ፣ በትክክለኛው ቦታ ቢቆረጥም መቁረጡ ራሱ ጣጣ አለው። ቡሌት ያለው ረጅም አንቀጽ ለሁለት ገጽ ተከፈለ እንበል። ቡሌትስፓን ነጥቡን የሚስለው ስፓኑ በሚጀምርበት መስመር ላይ ነው። ስትቆርጠው ስፓኑ በአዲሱ ገጽ ከዜሮ ይጀምራል፤ ስለዚህ በአረፍተ ነገሩ መሃል ሁለተኛ ነጥብ ይመጣል። የአንቀጹ የመጀመሪያ መስመር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መጀመሩም እንዲሁ ይደገማል። ጽሑፉ ግራና ቀኝ እኩል የተሰለፈ ከሆነ ደግሞ የገጹ የመጨረሻ መስመር የአንቀጽ መጨረሻ ይመስለዋልና ሳይዘረጋ ይቀራል።

እኔ የንባብ አፕ ስሠራ የመረጥኩት ጨርሶ አለመቁረጥን ነው። አንዱን ሌይአውት ይዤ፣ በራሴ ቪው ኦንድሮው (ቪው ራሱን የሚስልበት ፈንክሽን) ውስጥ ካንቫሱን እስከ ገጹ የመጨረሻ መስመር ግርጌ ድረስ ክሊፕ አደርገዋለሁ፤ ከዚያ ውጭ ያለው አይሳልም። ከዚያ ገጹ የሚጀምርበትን መስመር አናት ያህል ወደ ላይ አንሸራትቼ ሌይአውቱን እስላለሁ። የለካሁትና የምስለው አንድ ስለሆነ ከላይ የዘረዘርኩት ጣጣ ሁሉ አይነሳም። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ጽሑፍ መምረጥ፣ ሊንክ መንካት፣ ቶክባክ (ስክሪኑን በድምፅ የሚያነበው የአንድሮይድ አገልግሎት) የሚያነብላቸውን ተጠቃሚዎች ማገልገል ያንተ ሥራ ይሆናል። ቶክባክን በምንም ምክንያት እንዳትተወው አደራ። ይህን ለመሥራት ጊዜ ከሌለህ በሰብሲኩዌንስ ቆርጠህ ቴክስትቪው ላይ አሳይ፤ በየገጹ አናት ከአንቀጽ መሃል የሚጀምረውን ቡሌትስፓን ግን ነጥብ በሌለው ሊዲንግማርጅንስፓን (የመስመር መነሻ ክፍተት ብቻ በሚሰጠው) ቀይረው።

ምዕራፉ ረጅም ከሆነ ስክሪኑ እንዳይቆም ልኬቱን ከዋናው ትሬድ ውጭ ሥራው፤ ፔይንቱን ግን ኮፒ አድርገህ ስጠው።

የተጠቃሚውን ቦታ ስትመዘግብ የገጽ ቁጥር አትያዝ። አንድሮይድ 14 ላይ ፊደል እስከ 200 በመቶ ማሳደግ ይቻላል፤ ስልኩም ይገለበጣል፤ ያኔ ገጽ 14 ሌላ ቦታ ነው። የገጹን የመጀመሪያ ፊደል ኦፍሴት (ከምዕራፉ መጀመሪያ ስንተኛ ፊደል እንደሆነ) መዝግብ። እንደገና ስትለካ ጌትላይንፎርኦፍሴት መስመሩን ያገኝልሃል፣ ከመስመሩ ገጹን ታውቃለህ።