ፊልተር ስትጫን ቀጥ የሚለው ኮምፒውተር

ባቲ ላይ የሰርግ ፎቶ የሚሠራ አንባቢ ጽፎልኛል። ኮምፒውተሩ 4 ጊጋ ራም (ለጊዜው የሚሠራበትን ነገር የሚይዝበት ሜሞሪ) አለው። ፎቶሾፕ ላይ ፊት ለማለስለስ ብላር (የሚያደበዝዘውን ፊልተር) ሲያደርግ የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች እሺ ይላሉ። ከዚያ ፊልተሩ መጎተት ይጀምራል፣ የሃርድ ዲስኩ መብራት ማብራቱን አያቆምም፣ መጨረሻ ላይ «ስክራች ዲስክ ሞልቷል» የሚል መልእክት ይወጣል። አዲስ ፕሮግራም ሳይጭን ሲ ድራይቩ አልቋል። መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋበታል። አንድ ሠሪ ጋ ወስዶት «ራሙ ነው» ተብሎ፣ ከፍሎ፣ እንደነበረው ይዞት ተመልሷል።

ወንድም ዓለም፣ እኔ የያዝኩት የመብራቱን መጥፋት ነው። ሌላው ሁሉ ከሱ የመጣ ይመስለኛል። ፎቶሾፕ ራም ሲያንሰው ዲስክ ላይ ጊዜያዊ ፋይል ከፍቶ እዚያ ይጥላል፣ ስክራች ዲስክ የሚለው ያንን ቦታ ነው። በሥርዓት ሲዘጋ ራሱ ያጠፋዋል። መብራት ድርግም ሲል ግን ማን ያጥፋው? ፋይሉ እዚያው ይቀራል፣ ነገ ሌላ ይከፍታል፣ ከነገ ወዲያ ሌላ፣ እንዲህ እያለ ዲስክህን ሞልቶታል።

ከሁሉ በፊት የደንበኞችህን ኦሪጅናል ፎቶዎች ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ። ይህን ሳታደርግ አንድም ነገር አትንካ።

ከዚያ ፎቶሾፕን ዝጋና ሲ ድራይቭ ውስጥ ስማቸው «ፎቶሾፕ ቴምፕ» (Photoshop Temp) ብሎ የሚጀምር ፋይሎችን ፈልግ። የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርግ፣ የዊንዶውሱን የቴምፕ ፎልደርም እይ። ያገኘኸውን አጥፋ። ፎቶሾፕ በመልእክቱ ምክንያት አልከፈት ካለህ ሲነሳ ኮንትሮልና ኦልትን አንድ ላይ ተጭነህ ያዝ፣ ስክራች ዲስክ ምረጥ ይልሃል። ሌላ እውነተኛ ሃርድ ዲስክ ካለህ እሱን ስጠው። አንዱን ዲስክ ሲ እና ዲ ብሎ መክፈል ግን ለፍጥነት ምንም አይጠቅምም፣ ያው አንዱ ዲስክ ነው የሚሮጠው። ፍላሽ ደግሞ በጭራሽ! ገበያው ላይ 1 ቴራባይት ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ሲታይ ግን የዚያን ሩብ እንኳ የማይይዝ ፍላሽ ሞልቷል። ሞልቶም ዝም ብሎ የተቀበለ ይመስላል፣ ፋይሉን ስትከፍተው ባዶ ነው። «ፍላሽ ፎቶዬን በላብኝ» ስትሉ የምሰማው ብዙው ከዚህ ዓይነት ዕቃ ነው።

ፎቶሾፕ ላይ ኤዲት፣ ከዚያ ፕሪፈረንስስ ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን ማስተካከያም ክፈት። ያ ሠሪ ለፎቶሾፕ የተሰጠውን ሜሞሪ 100 ከመቶ አድርጎልህ እንደሆነ አልጠራጠርም፣ ሁሉም የሚያደርገው ያንን ነው። ወደ 70 መልሰው። ዊንዶውሱም መተንፈሻ ይፈልጋል።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳህ፣ ትንሽ ብቆይበት አትቆጣ፣ የምወደው ነገር ነው። ካሜራህ 24 ሜጋፒክስል ከሆነ ፎቶው 6000 በ4000 ነጥብ ነው። 24 ሚሊዮን ነጥብ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ቀለም፣ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ባይት። ይህ 72 ሜጋባይት ነው። ፋይሉ ዲስክ ላይ 8 ሜጋ ብቻ ቢሆንም ሲከፈት 72 ነው፣ ጄፔግ ታጥፎ ስለተቀመጠ ነው ያነሰው። ሌየሩን ዱፕሊኬት ስታደርግ፣ ማለትም የፎቶውን ቅጂ ከላዩ ስትደርብ፣ 144 ሆነ። ከዚያ ሙሉ ፎቶው ላይ ፊልተር በተጫንክ ቁጥር ሂስትሪው «ልመለስ ቢል» ብሎ የበፊቱን 72 ያስቀምጥልሃል። 20 ፊልተር ብትጫን 1440 ሜጋ፣ ለአንድ ፎቶ። በዚህ ላይ አምስት ፎቶ ከፍተህ ትተዋለህ። ረከቦቱ ስድስት ስኒ ብቻ ሲይዝ ሰባተኛ እንግዳ ከመጣ ቡና አፍይዋ ለእያንዳንዱ ስኒ ማጀት ትመላለሳለች፤ ቡናው አልዘገየም፣ መንገዱ ነው ያዘገያት። ራምህ ረከቦቱ ነው፣ ስክራች ዲስኩ ማጀቱ። ማጀቱም በተረሳ ፋይል ከተሞላ ቡናው ቆመ ማለት ነው።

ስለዚህ የሂስትሪውን ቁጥር ወደ 15 አውርደው። ፎቶ ጨርሰህ ስትወጣ ኤዲት ውስጥ ፐርጅ፣ ከዚያ ኦል በል፣ የተጠራቀመውን ሂስትሪ ያጸዳልሃል። ወደኋላ መመለስ ግን እዚያ ላይ ያበቃል፣ መጀመሪያ ሴቭ አድርግ።

ፊት ለማለስለስ ለምን ሙሉ ፎቶውን ብላር ታደርጋለህ? ፊቱን ብቻ በላሶ (በእጅ መክበቢያው) ከበህ፣ ጠርዙን ፌዘር አድርገህ (አለስልሰህ)፣ ኮንትሮል ጄ ተጫን፣ የከበብከውን ብቻ አዲስ ሌየር ላይ ይገለብጠዋል። ያ ቁራጭ 1000 በ1000 ቢሆን 3 ሜጋ ነው፣ ከ72 ጋር አወዳድረው። እሱ ላይ ብላር አድርግ፣ ኦፓሲቲውን (ድምቀቱን) ቀንስ፣ ዓይንና ቅንድቡን በማስክ (የሌየሩን ክፍል በሚሸፍነው) መልስ። ሁልጊዜ ኮንትሮል 1 ብለህ 100 ከመቶ ላይ ሆነህ ፍረድ፣ አሳንሰህ ስታይ ፊልተሩ የዋህ ይመስልሃል። ያንኑ ፊልተር ለመድገም በአዲሶቹ ኮንትሮል ኦልት ኤፍ፣ በድሮዎቹ ኮንትሮል ኤፍ ነው።

10 በ15 ሳንቲሜትር ለሚታተም ፎቶ ደግሞ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 1181 በ1772 ነጥብ ይበቃል። መጀመሪያ አሳንስ፣ ከዚያ ፊልተር ጫን፣ ሥራው ከ11 እጥፍ በላይ ይቀልልሃል። የብላሩ ራዲየስም (ምን ያህል እንደሚያደበዝዝ የሚወስነው ቁጥር) አብሮ ይቀንሳል፣ በትልቁ 10 የነበረው በትንሹ 3 አካባቢ ነው። ሻርፕን የመጨረሻ አድርገው፣ ልኩ ካለቀ በኋላ። ለትልቅ አልበም ሽፋን ግን ከሙሉው ፋይል ሥራ። ስማርት ፊልተርም (በኋላ ተመልሰህ ልታስተካክለው የምትችለው) ለሽፋኑ ብቻ ይሁን፣ ባንተ ማሽን ለሁሉም ከተጠቀምክበት ትሰቃያለህ።

መቶዎቹን ፎቶዎች አንድ በአንድ አትልፋ። አንዱን ፎቶ ስታሳንስና ሻርፕ ስታደርግ አክሽን ቅዳ (እርምጃዎቹን የሚመዘግብ ነው)፣ ሴቭ አዝ ማድረጉንም አብረህ ቅዳ፣ ከዚያ ፋይል፣ አውቶሜት፣ ባች ብለህ ያንኑ በሁሉም ፎቶ ላይ አስደግመው። የፊቱን ሥራ ለእጅህ ተው። እዚህ ላይ እንደገና ልጮህ፦ መድረሻው ላይ «ሴቭ ኤንድ ክሎዝ» የሚለውን አትምረጥ! ኦሪጅናሉ ላይ ይጽፍበታል። «ፎልደር» ምረጥና አዲስ ባዶ ፎልደር ስጠው፣ «ኦቨርራይድ አክሽን ሴቭ አዝ ኮማንድስ» የሚለው ላይም ምልክት አድርግ። ባቹን ሳትጀምር ኦሪጅናሉ ሌላ ዲስክ ላይ መኖሩን በዓይንህ አይተህ አረጋግጥ፤ ሙሽራና ሙሽሪትን ተመልሳችሁ ተሞሸሩ አትላቸውም።

ራሙን 8 ማድረግ ከቻልክ አድርግ፣ ግን ስሙ የማይታወቅ ርካሽ አትግዛ፣ ሰማያዊ ስክሪን ታተርፋለህ። ስትገጥመው ገመዱን ከሶኬት ንቀል። ፋይሎቹን ካጠፋህ በኋላ ሲ ድራይቩ ላይ ስንት ጊጋ እንደተለቀቀ ጻፍልኝ። ምንም ካልተለቀቀ ግምቴ ስቷል፣ ያኔ ዲስኩን ራሱን እንመረምራለን።