ወርቅ የመሰለው ነጭ ወይን ተበላሽቶ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት አካባቢ ነው። ለዓመታት የተንከባከብኳቸው አንዲት አዛውንት ሁለት ጠርሙስ ነጭ ወይን ሰጡኝ። ሁለቱም የሞዘል ሪስሊንግ ናቸው፤ ሞዘል እዚሁ ጀርመን ያለ የወንዝ ሸለቆ ነው፣ ሪስሊንግ ደግሞ የፍሬው ዓይነት። አምራቹም ማሳውም አንድ ነው፤ ሁለቱም ላይ «ሽፔትሌዘ» የሚል ተጽፏል። የሚለያዩት በዓመት ብቻ ነው፤ አንዱ 2001፣ ሌላው 2021። የልጄ ምርቃት ስለደረሰ ያን ቀን ልከፍታቸው አስቤያለሁ። ግን የ2001ዱ ቀለሙ እንደ ጠጅ ወርቅ ሆኗል። ነጭ ወይን ቶሎ ካልተጠጣ ይበላሻል ሲባልም እሰማለሁ። ተበላሽቶ ይሆን? ደህና ከሆነስ የትኛው ይበልጣል? እንግዶቼ ፊት እንዳላፍር ነው። (የምሩቋ እናት)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት! የተሰጠዎት ነገር ቀላል ስጦታ አይደለም። አንድ ማሳ፣ አንድ አምራች፣ በመካከላቸው 20 ዓመት። ወይን የሚወዱ ሰዎች እንዲህ ያለ ጥንድ ፈልገው ያጣሉ። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎት፤ እባክዎ በተለያየ ቀን አይክፈቷቸው። ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን ያስቀምጡና ከሁለቱም ይቅዱ።

ቀለሙ አያስደንግጥዎ። ቀይ ወይን ሲቆይ ቀለሙ እየሳሳ ይሄዳል፤ ነጭ ወይን ግን በተቃራኒው እየደመቀ ነው የሚሄደው። አዲስ ሪስሊንግ ውሃ ሊመስል ምንም አይቀረው፣ ትንሽ አረንጓዴ ቢጤም ያደርገዋል። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ወርቅ ከመሰለ ጤነኛ ነው። የሚያሰጋው ቡናማ ሲሆን ነው። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ያንሱትና ይዩት፤ የሻይ ቀለም ካልያዘና ካልደፈረሰ ተስፋ አለው።

«ነጭ ወይን ቶሎ ይጠጣ» የሚለው ምክር ግን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ለአብዛኛው ነጭ ወይን ትክክል ነው። በየሱቁ የምናገኘው ርካሽ ነጭ ወይን በ2 ወይም በ3 ዓመት ውስጥ ካልተጠጣ ፍሬ ፍሬ የሚለው ጣዕሙ ይጠፋል፣ በቦታው የሚመጣም ሌላ ጣዕም የለም። የሞዘል ሪስሊንግ የተለየ ነው። ወንዙ እየተጠማዘዘ በሚወርድበት ሸለቆ ዳር፣ ሰው ቆሞ ለመሥራት በሚቸገርበት ቀጥ ያለ ገደል ላይ ነው የሚተከለው፤ መሬቱም በስሱ የሚሰነጠቅ ጠቆር ያለ ድንጋይ ስለሆነ ቀን የያዘውን የፀሐይ ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ለተክሉ ይመልሳል። አገሩ ግን ቀዝቃዛ ነው። ፍሬው የሚበስለው ጎምዛዛነቱን ሳይጥል ነው። ለዓመታት አቅንቶ የሚያቆመው ያ ጎምዛዛነት ነው። ሽፔትሌዘ ማለት «ዘግይቶ የተለቀመ» ማለት ሲሆን፣ በሞዘል ልማድ ብዙ ጊዜ ስኳር ይቀርለታል፣ አልኮሉም ዝቅተኛ ነው። ጠርሙሱ ላይ 8 ከመቶ የሚል ቁጥር ቢያዩ አይገረሙ። ስኳሩም ለመቆየት ያግዘዋል።

አሁን ወደ ልዩነቱ። አዲሱን ሲቀምሱ ሎሚ፣ አረንጓዴ ፖም፣ ኮክ ይመጣልዎታል። ምላስ ላይ ይቆነጥጣል። 2021 እዚያ አገር ቀዝቃዛና ዝናባማ ዓመት ስለነበረ የዚያ ዓመት ወይን ጎምዛዛነቱ ስል ነው፤ ስኳሩና ጎምዛዛው ገና አልተስማሙም ማለት ይቻላል፣ ሁለቱም በየፊናቸው ይጮኻሉ። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። እንደ ልጅ ነው፣ ዝም አይልም።

2001 ደግሞ በሞዘል እጅግ ከሚመሰገኑት ዓመታት አንዱ ነው። እዚህኛው ውስጥ ሎሚው ከኋላ ቀርቷል። ማር፣ የደረቀ ፍሬ፣ ሰም፣ የተጠበሰ ዳቦ ሊሸትዎት ይችላል። እና አንድ ሰው ሳይነገረው ቢቀምሰው የሚደነግጥበት ሽታ አለ፤ ላምባ። አዎ፣ የኩራዝ ላምባ። ፈረንጆቹ ቤንዚን ይሉታል። እኔ ግን መጀመሪያ ሳሸተው ትዝ ያለኝ መብራት ሲጠፋ አያቴ ቤት ኩራዝ የሚለኮስበት ሰዓት ነው። ጠርሙስ ውስጥ ላምባ የገባ እንዳይመስልዎ። ወይን ፍሬው ውስጥ ካሮቲኖይድ የሚባሉ ነገሮች አሉ፣ ካሮትን ካሮት የሚያስመስሉት ዘመዶቻቸው ናቸው፤ እነሱ ተሰባብረው ቀስ በቀስ፣ በዓመታት ውስጥ፣ ቲዲኤን የሚባል ነገር ይፈጠራል። ሽታው የእሱ ነው። ፍሬው ብዙ ፀሐይ ካገኘ ደግሞ ይበልጥ ይጎላል። በልኩ ሲሆን በጣም የሚወደድ ሽታ ነው። ማሩን ሸፍኖ እሱ ብቻ ከቀረ ግን እኔም አልወደውም።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። የ2001ዱ ጣፋጭነቱ ያነሰ ይመስልዎታል። ስኳሩ ግን የትም አልሄደም፣ ጠርሙሱ ውስጥ እንዳለ ነው። ምላሳችን ላይ ነው ከሌላው ጣዕም ጋር ተዋህዶ የሚጠፋው። ሁለቱን ጎን ለጎን ቅዱ ያልኩት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ በተለያየ ቀን ቢጠጧቸው አይታወቅዎትም።

የትኛው ይበልጣል ላሉት፣ የቆየ ስለሆነ ብቻ ይበልጣል የሚለውን አልቀበልም። ሁለት የተለያዩ መጠጦች ናቸው። የግሌን ከጠየቁኝ የ2001ዱን እመርጣለሁ። ግን ለ20 እንግዳ አላቀርበውም። የቆየ ወይን ቀምሶ የማያውቅ ሰው ባብዛኛው አዲሱን ነው የሚወደው፣ መብቱም ነው። ስለዚህ አዲሱን ከዶሮ ወጡ ጋር ያቅርቡት። ስኳሩ የበርበሬውን ማቃጠል ያበርደዋል፣ አልኮሉ ዝቅተኛ ስለሆነም አያባብሰውም። ለዶሮ ወጥ ከዚህ የተሻለ ወይን አላውቅም። የቆየውን ደግሞ ከምግቡ በፊት፣ ከአዲሱም ትንሽ ጎን ለጎን ቀድተው፣ ከልጅዎና ከሦስት አራት የቅርብ ሰው ጋር ይቅመሱት። በርበሬ ፊት ካቀረቡት ይዋጣል። ከአይብ ጋር ይሄዳል፣ ባዶውንም ይሄዳል።

አከፋፈቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የ2001ዱን ከአንድ ቀን በፊት አቁመው ያስቀምጡት። ቡሹ ከ20 ዓመት በኋላ ደካማ ስለሚሆን ቀስ ብለው ይንቀሉት፤ ከተፈረፈረም በጥሩ ወንፊት ያጥልሉት፣ ምንም አይሆንም። ከፍሪጅ ካወጡት በኋላ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ በጣም ሲቀዘቅዝ አይሸትም። መጀመሪያ የታፈነ ነገር ከሸተተዎት ቶሎ አይድፉት፣ ሩብ ሰዓት ይታገሱት። ከታች ስኳር ወይም የተሰበረ ብርጭቆ የሚመስል ነጭ ነገር ካዩም የወይኑ የራሱ አሲድ ጨው ሆኖ ነው፣ አይጎዳም። ኮምጣጤ ወይም ተቆርጦ ያደረ ፖም ከሸተተ ግን አልቆለታል። ያን ጊዜም አያፍሩ፤ አዲሱ አለልዎት።

አንድ ነገር ረስቼ፤ ለእንግዶች ሲነግሯቸው ዓመቱ በፈረንጆች መሆኑን ይጥቀሱ። በእኛ ሲቆጠር 1994 መግቢያ ላይ የተለቀመ ነው። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር አስቦ የወይኑን ዕድሜ በ7 ወይም በ8 ዓመት የሚያሳንሰው ሰው አይጠፋም።

ጥያቄ፦ የዝዋዩን ነጭ ወይን፣ ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔን ስድስት ጠርሙስ ገዝቼ 10 ዓመት ባስቀምጠው ይጥማል? ዋጋውስ ይጨምራል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አታስቀምጠው። በፈረንጆች ከ2014 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ ወይን ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን በአዲስነቱ እንዲጠጣ ነው የተሠራው። ዝዋይ ሞቃት ነው። በሙቀት የበሰለ ፍሬ ጎምዛዛነቱን ቶሎ ይጥላል፤ ከላይ ለእህታችን እንዳልኩት ደግሞ ነጭ ወይንን የሚያቆየው እሱ ነው። አስቀምጠህ የምታገኘው ማር ሳይሆን የደከመ ወይን ነው። በዚያ ላይ የት ታስቀምጠዋለህ? ለዓመታት የሚቀመጥ ወይን ከ10 እስከ 14 ዲግሪ አካባቢ፣ ጨለማና ሙቀቱ የማይቀያየርበት ቦታ ይፈልጋል። የወጥ ቤት ቁም ሳጥን ይገድለዋል። ስድስቱን ግዛ፣ በዚህ ዓመት ከጓደኞችህ ጋር ጠጣቸው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ከፈረንሳይ፣ ከቡርጎኝ አካባቢ የመጣ መርሶ የሚባል ነጭ ወይን በውድ ገዛሁ። «ሲቆይ ይሻላል» ስላሉኝ አቆየሁት። በ9 ዓመቱ ስከፍተው ቡናማ ሆኗል፣ የበሰበሰ ፖም ይሸታል። ከዚያው ሣጥን ያወጣሁት ሌላው ጠርሙስ ግን ግሩም ነበር። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ አንተ ምንም አላጠፋህም። ይሄ የታወቀ የቡርጎኝ ችግር ነው፣ ብዙ ሰው አንጀቱ ያረረበት። በፈረንጆች በ1995 እና በ1996 ምርቶች ላይ ነው ጎልቶ የታየው። 20 ዓመት ይቆያሉ የተባሉ ውድ ጠርሙሶች በ7 እና በ8 ዓመታቸው አየር እንደመታው ፖም ሆነው ተገኙ። አንዱ ጠርሙስ ደህና፣ ጎኑ ያለው የሞተ፣ ልክ እንዳንተው። ቡሹ ነው ያሉ አሉ፣ አምራቾቹ ወይኑን ከአየር የሚጠብቀውን ሰልፈር ስለቀነሱ ነው ያሉም አሉ፣ በፍሬው አጨማመቅና በርሜል ውስጥ አተላውን በማማሰል የሚያሳብቡም አሉ። እኔ አንድ ብቻ ምክንያት አለው ብዬ አላምንም። ብዙዎቹ አምራቾች ሰልፈሩንም ቡሹንም አስተካክለዋል፣ አንዳንዶቹም አየር የማስገባቱ መጠን አንድ ዓይነት የሆነ የተጨመቀ ቡሽ ይጠቀማሉ።

የተረፈውን ወይን ከነጠርሙሱ ይዘህ የገዛህበት ሱቅ ሂድና ቅመሱት በላቸው። እንደየሱቁ ነው፣ ግን የሚለውጡ አሉ። ከዚህ በኋላ ነጭ ቡርጎኝ ስትገዛ ከ5 እስከ 8 ዓመቱ ድረስ ጠጣው፤ ብዙ ካለህ በየዓመቱ አንድ እየከፈትክ ተከታተለው። የቆየ ነጭ ወይን ጣዕም እንዲሁ ካማረህ ደግሞ የአውስትራሊያውን የሃንተር ቫሊ ሴሚዮን የሚባለውን ነጭ ወይን ፈልግ። ፍሬው ቶሎ ስለሚለቀም አልኮሉ 10 እና 11 ከመቶ አካባቢ ነው። በአዲስነቱ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ነው፣ አትወደው ይሆናል። በ10 ዓመቱ ግን እንጨት በርሜል ነክቶት የማያውቀው ወይን የተጠበሰ ዳቦና ማር ይሸታል። ባብዛኛው በሚጠመዘዝ ክዳን ስለሚመጣም የቡሽ ጣጣ የለበትም። ከአዲሱ አንድ፣ ከቆየው አንድ ግዛና አንድ ማታ ላይ ክፈታቸው።