ወገባችን የሚታመመው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ሰሞኑን ከሐዋሳ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ወገብ ህመም በመሆናቸው አራቱን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ስነዳ 9 ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር የውሃ ጀሪካን ላነሳ ጎንበስ ስል ወገቤን ያዘኝና ቀና ማለት አቃተኝ። አንድ ጀሪካን እንዲህ ያደርጋል?

መልስ፦ ህመሙ የተሰማዎት በዚያች ቀን ቢሆንም፣ ወገብዎ መዳከም የጀመረው ከዓመታት በፊት ሳይሆን አይቀርም። በታችኛው ወገባችን ባሉት 5 አንጓዎች መካከል የሚገኙት ዲስኮች ውሃ ያዘሉ ትራሶች ናቸው። በአዋቂ ሰው ላይ የደም ሥር እምብዛም ስለማይደርሳቸው ምግባቸው ከአጎራባቹ አጥንት እየሰረገ ይገባል፤ ለዚህም የሰውነት እንቅስቃሴ ያግዛቸዋል። ዕድሜ ሲገፋ ውሃቸው ይቀንሳል። ከጠዋት እስከ ማታ መሪ ላይ አጎንብሶ መዋልና የመንገዱ ንዝረት ሲታከሉበት፣ ወገብን ደግፈው የሚይዙት የሆድና የጀርባ ጡንቻዎችም ይደክማሉ። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ እጅን ዘርግተው ከራቀበት ሲያነሱት ግን ወገብ ላይ የሚያርፈው ጫና የዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጀሪካኑን በሁለት እግሮችዎ መካከል አስጠግተው፣ ጉልበትዎን አጥፈው፣ ወደ ሆድዎ አስጠግተው ያንሱት፤ መዞር ሲፈልጉም ወገብዎን ሳይጠመዝዙ በእግርዎ ይዙሩ። ከሁሉ በላይ የምለምንዎት፣ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ከወንበሩ ወርደው ጥቂት እንዲራመዱ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ወገባቸውን ካመማቸው 2 ሳምንት ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ «እንዳይንቀሳቀሱ» ስለሚላቸው ከአልጋ አይወርዱም።

መልስ፦ ምክሩ በፍቅር የተሰጠ ቢሆንም ይጎዳቸዋል። ህመሙ ሲበረታ 1 ወይም 2 ቀን ማረፍ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መተኛት ጡንቻን ያሰልላል። ከመታመማቸው በፊት ወድቀው ከሆነ አስቀድመው ራጅ ይነሱ። አለበለዚያ አመሻሹ ላይ ክንዳቸውን ይዘው በፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ቀስ ብለው ያራምዷቸው። አብዛኛው ድንገተኛ የወገብ ህመም በ6 ሳምንት ውስጥ ይቀላል፤ ከ3 ወር ካለፈ ግን ሥር ሰዷልና ሐኪምና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሊያዩት ይገባል።

ጥያቄ፦ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ማታ ማታ ወገቤን ይቆረጥመኛል። ኤም አር አይ ልነሳ?

መልስ፦ ሐኪም ሳያዝልዎት ገንዘብዎን አያውጡ፤ ምንም የማያማቸው ሰዎች ሲነሱም የተጎዳ ዲስክ መታየቱ የተለመደ ነው። ይልቅ የወንበርዎ ከፍታ እግርዎ መሬት እንዲረግጥ የሚያደርግ መሆኑን ይመልከቱ፤ በየእረፍቱም ተነስተው ይንጠራሩ።

ጥያቄ፦ ወጌሻ ያሸኝ?

መልስ፦ መንስኤው ሳይታወቅ አይታሹ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላልና፣ መታሸት የተጎዳውን አጥንት ይብሱን ሊያደቅቀው ይችላል። እግርዎ ከዛለ፣ በጭኖችዎ መካከል ከደነዘዘዎት፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት ደግሞ ነርቭ ተጨቁኖ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።