መልስ፦ ግጥም እየለጠፉ ከአንባቢ ብር ማግኘት
ወንድሜ ቴሌግራም ላይ ግጥም እየለጠፍክ አንባቢ በቀጥታ እንዲደግፍህ ምን ላድርግ ላልከው፣ ፓትሪዮን የሚባለውን ድረ ገጽ ለጊዜው ተወው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጃክ ኮንቴ የሚባል ሙዚቀኛ ከጓደኛው ጋር የጀመረው ነው፣ አሪፍ ነው፣ ተከታይ በየወሩ በካርድ ይከፍላል፣ ግን ደሴ ቧንቧ ውሃ ቁጭ ያለ አንባቢህ የዶላር ካርድ ከየት ያመጣል? እኔ ስዕል ነው የምሰራው፣ የቴሌብር ቁጥሬን ከስር አድርጌ ሶስት ወር ለጠፍኩ አንድም ሰው አልላከም። በኋላ የጦሳን ተራራ በጭጋግ ስስል ከመጀመሪያው የእርሳስ መስመር ጀምሬ በየቀኑ ፎቶ ስለቅ አንዷ ሸዋ በር ሻይ የምትሸጥ ልጅ "ለቀለም" ብላ 20 ብር ላከችልኝ፣ ከዛ ሌሎቹም ተከተሉ። ዝም ብሎ ደግፉኝ አይሰራም ባክህ፣ ወረቀት ልገዛ ነው በላቸው። ለከፈለህ ደግሞ ግጥሙን ቀድመህ በውስጥ ላክለት። ብዙ እንዳትጠብቅ ብቻ፣ የኔ ባለፈው ወር የኢንተርኔት ፓኬጄን ነው የሸፈነው ሃሃ