ሕመሙ ለቀቀኝ ብለሽ እንዳትሸወጂ

ሰላም እህቴ። ከኮዬ ፈጬ የጻፍሽውን አነበብኩት። የላይኛው መንጋጋ ጥርስሽ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ነስቶሽ ከርሞ፣ ሐኪም ዘንድ ብትሄጂ «ሩት ካናል ነው»፣ ማለትም የጥርሱን ሥር ውስጥ አጽድቶ መሙላት ነው፣ ተባልሽ፤ ለሐሙስም ተቀጠርሽ። አክስትሽ ደግሞ «የላይኛው ጥርስ ነርቭ ከተነካ ዓይን ያጠፋል» ብለው አስፈራሩሽ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሕመሙ በራሱ ጠፍቷል። ልተወው ወይ? ነው ጥያቄሽ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው፣ ሚኒባስ እነዳለሁ። ግን ይሄው ነገር እኔም ላይ ደርሷል።

የኔ የታችኛው መንጋጋ ነበር። ቀን እንደምንም ይቻላል። ማታ ጋደም ስል ግን የልቤን ምት ጥርሴ ውስጥ እሰማዋለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ ቅርንፉድ እነክሳለሁ። ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፣ አልዋሽም። ነጭ ሽንኩርቱ ግን ድዴን አቃጥሎ ላጠው፣ እንዳትሞክሪው። አሞክሲሲሊንም ከፋርማሲ ገዝቼ ሁለት ጊዜ ጨረስኩ። ለካ ጥርሱ ውስጥ ያለው ሥጋ ከሞተ ደም አይደርሰውም፤ ደም ካልደረሰው መድኃኒቱም አይደርሰውም።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ሕመም የለም። ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣሁ፣ ምንም። ተመስገን ብዬ ቀጠሮዬን ቀረሁ።

ጉድ የሠራኝ ያ ጠዋት ነው። ጥርስ ውስጡ ነርቭና የደም ሥር ያለበት ለስላሳ ሥጋ አለው። ቀዳዳው እዚያ ሲደርስ ሥጋው ይቆጣል፣ ያብጣል። ዙሪያው ደረቅ ስለሆነ መላወሻ የለውም። እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ ነው። ሲሞት ዝም ይላል፤ የሚያሳምም ነርቭ የለማ! ጀርሙ ግን እዚያው ነው። ቀስ ብሎ በሥሩ ጫፍ ይወጣና አጥንቱ ጋ መግል ይቋጥራል። እኔ በወሩ ፊቴ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ ነቃሁ። ረዳቴ ተደባድቤ መስሎት «ማነው እሱ?» እያለ ሲፎክር ነበር።

ስለዚህ ያንቺም ዝም ማለቱ መዳን ላይሆን ይችላል። ቀጠሮሽን እንዳትሰርዢ። መሐል ላይ ፊትሽ ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይ መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረሽ ደግሞ ሐሙስን አትጠብቂ፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

የዓይኑን ነገር እናቴም ትለው ነበር። ያከመችኝን የጥርስ ሐኪም ስጠይቃት ሳቀችና የምናይበት ነርቭ ሌላ፣ የጥርስ ነርቭ ሌላ መሆኑን ነገረችኝ። የላይኛው ጥርስ ሲያም እስከ ዓይን ሥር የሚጠዘጥዘው የፊትንና የጥርስን ስሜት የሚወስደው ነርቭ አንድ ስለሆነ ነው። እንዲያውም አልፎ አልፎ ወደ ዓይን አካባቢ ሊዛመት የሚችለው ሳይታከም የቆየ መግል ነው። ለአክስትሽ ይህን በቀስታ ንገሪያቸው።

ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። መርፌው ቆንጠጥ ያደርጋል። ትንሽ ቆይቶ ከንፈሬ የሰው ከንፈር መሰለኝ። መሐል ላይ አንድ ጊዜ ብልጭ ያለ ሕመም ተሰማኝ፣ እጄን አነሳሁ፣ አቆመችና ማደንዘዣ ጨመረችልኝ። በተቆጣና መግል በያዘ ቦታ ማደንዘዣ ይዳከማል አሉ። አንቺም ከመጀመራቸው በፊት «ካመመኝ እጄን አነሳለሁ» በያቸው። የሚታከመው ጥርስ ብቻ ብቅ እንዲል አድርገው ሌላውን አፍሽን በስስ ላስቲክ ይሸፍኑታል። ከዚያ እንደ መርፌ በቀጠነ ሞረድ የሥሩን ውስጥ ይፍቃሉ፣ ያጥባሉ። በረኪና በረኪና ሸተተኝ፤ ለካ ማጠቢያው የበረኪና ዘር ነው። መጨረሻ ላይ ከዛፍ ፈሳሽ በሚገኝ ጉታ ፐርቻ በሚባል ላስቲክ መሳይ ነገር ይሞላሉ። መንጋጋ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቦይ ስላለው ከፊት ጥርስ ይልቅ ይቆያል። እኔ ሁለት ቀጠሮ ፈጀብኝ። እውነቱን ለመናገር ያደከመኝ ሕመሙ ሳይሆን አፍ ከፍቶ መቆየቱ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ያህል ስነክስበት ይቆረቁረኝ ነበር፣ በማስታገሻ አለፈ።

ጥፋቴ ከዚያ በኋላ ነው። «ክራውን (ጥርሱን ከላይ የሚሸፍን ቆብ) አስገባበት» አሉኝ፣ እኔ ደግሞ ሕመሙ ከጠፋ ምን አስቸኮለኝ፣ ብሩ ይቆይ አልኩ። አንድ ለቅሶ ቤት ቆሎ እየቆረጠምኩ ቋ! አለ። የጥርሴ አንዱ ጎን ተሸርፎ እጄ ላይ ቀረ። ብዙ የተቦረቦረ መንጋጋ ካልተሸፈነ እንዲህ ይሰነጠቃል። ዕድለኛ ሆኜ ሥሩ ተርፎ በክራውን ዳነልኝ እንጂ ይነቀል ነበር። ስለዚህ ሐሙስ ስትሄጂ የራጁን፣ የሕክምናውንና የክራውኑን ዋጋ አንድ ላይ ጠይቂ። በኋላ እንዳትደነግጪ።

«ለምን አታስነቅይውም፣ ይረክሳል» የሚሉሽም አይጠፉም። ጥርሱ የማይተርፍ ከሆነ ልክ ናቸው። የሚተርፍ ከሆነ ግን እኔ አላስነቅልም። ቦታው ባዶ ሲሆን ጎረቤት ጥርሶቹ ወደዚያ ያዘምማሉ፣ የተነቀለውን መተካትም ሌላ ወጪ ነው።

ቁርስሽን በልተሽ ሂጂ፣ ድንዛዜው እስኪለቅ ማኘክ አይቻልም። የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ወይ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ደግሞ በጠዋት ውጪ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ የቃሊቲ መንገድ አይቀመስም።