የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የእንግዳን ሕክምና ማን ይክፈል?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ ላለፉት 19 ዓመታት በየወሩ ከደመወዜ ላይ ግብር ሲቆረጥ ኖሬያለሁ። አሁን የጉልበት ቀዶ ሕክምና ለማግኘት ተራ መጠበቅ ከጀመርኩ ስምንተኛ ወሬ ነው። በቅርቡ ሊጠይቁን ከሌላ አገር የመጡት አማቴ ሌሊት ደረታቸውን አመማቸውና ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ወሰድናቸው። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ እንዳላቸውና ሂሳቡን ማን እንደሚሸፍን ስትጠይቀን፣ የደም ግፊት መለኪያው አጠገባቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ለሃያ ደቂቃ ያህል ግን ማንም አላነሳውም። ያን ሌሊት እጅግ ተቆጣሁ። በማግሥቱ ግን አንድ ቀን ግብር ከፍለው የማያውቁ ሰው እኔ በምከፍለው ገንዘብ በነፃ ይታከሙ ማለቴ እንደሆነ ራሴን ጠይቄ መልስ አጣሁ። በሕዝብ ገንዘብ የሚሰጥ ሕክምና ለውጭ አገር ጎብኚ ነፃ ሊሆን ይገባል?

ግብር ከፋዩ

መልስ፦ አማትዎ እንደምን እንደሆኑ ባይጽፉልንም ተሽሏቸው እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። ቁጣዎም ሆነ በማግሥቱ የመጣብዎት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ የሚጣሉም አይመስለኝም። ያን ሌሊት ያስቆጣዎት ስለ ክፍያ የተጠየቁበት ሰዓት ነውና። እኔ የማምንበትን በቀጥታ ልንገርዎ፦ ሕክምናው ቢዘገይ ሕይወት የሚያጠፋ ወይም ለሌላ ሰው የሚተላለፍ ሕመም ያለበት ሰው፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ መጀመሪያ ሊታከም ይገባዋል። ሊቆይ የሚችል፣ ቀጠሮ ተይዞለት የሚሰጥ ሕክምና ግን ጎብኚው ራሱ ወይም የጤና መድኑ ሊከፍልበት ይገባል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ብሪታንያ በሐምሌ 1948 (በዚህ መልስ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ብሔራዊ የጤና አገልግሎቷን ስትጀምር፣ የውጭ አገር ሰዎች እየመጡ በነፃ ይታከማሉ የሚለው ቅሬታ ወዲያውኑ ተነሣ። በጊዜው የጤና ሚኒስትር የነበሩት አኑሪን ቤቫን የሰጡት መልስ ዛሬም ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ እንግዳውን ለይቶ ለማስከፈል የአገሬው ሰው ሁሉ እንግዳ አለመሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ይዞ መዞር ይኖርበታል ብለው ተከራከሩ። ፓርላማው በ1949 የማስከፈል ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ ቢያወጣም፣ ጎብኚዎችን የሚያስከፍለው ደንብ ሥራ ላይ የዋለው ከ30 ዓመታት በላይ ቆይቶ በ1982 ነው። ከዚያ በኋላ ደንቡ እየጠበቀ ሄደ። በእንግሊዝ (ስኮትላንድና ዌልስ የየራሳቸው አሠራር አላቸው) ከ2015 ጀምሮ ከብሪታንያ ጋር የሕክምና ስምምነት ከሌለው አገር የመጣ ጎብኚ የሕክምናውን መደበኛ ዋጋ 150 በመቶ እንዲከፍል ተደነገገ፤ በ2017 ደግሞ አጣዳፊ ላልሆነ ሕክምና ክፍያው አስቀድሞ እንዲጠየቅ ተደረገ።

ቤቫን የፈሩት ነገር በተግባር የታየው ከዚህ በኋላ ነው። በ2018 በብሪታንያ ይፋ በሆነውና በአንዲት የስደተኞች መርከብ ስም በተጠራው የዊንድረሽ ጉዳይ፣ ከካሪቢያን አገሮች በልጅነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሠሩና ግብር ሲከፍሉ የኖሩ ሰዎች ወረቀት አላሟላችሁም ተብለው እንደ ባዕድ ተቆጠሩ። ከመካከላቸው በአገሪቱ ከ40 ዓመት በላይ የኖረ አንድ ሰው ለካንሰር የጨረር ሕክምናው 54,000 ፓውንድ እንዲከፍል ተጠይቆ ነበር። እንግዳውን ለማጥራት የተዘረጋ ወንፊት የራስን ሰው ጭምር እንደሚያስቀር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። በዚህም ምክንያት ይህን የማጣራት ሥራ ለሐኪምና ለነርስ መስጠትን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ተላላፊ በሽታን በሚመለከት ክርክሩ አጭር ነው። የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ሳይታከም ከቆየ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ለሚደርሱ፣ በቅርበት ለሚያገኛቸው ሰዎች በሽታውን ሊያስተላልፍ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በአውቶቡስ አጠገቡ የሚቀመጠው ግብር ከፋይ ነው። ክፍያ የጠነከረባት እንግሊዝ እንኳ የሳንባ ነቀርሳን ሕክምና ለማንም በነፃ ትሰጣለች፤ ከ2012 ጀምሮም የኤች አይ ቪ ሕክምናን ጨምራለች።

የሚከብደኝ የኩላሊት እጥበት ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እጥበት የሚያስፈልገው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ይያያዛል፤ ቢቋረጥበት ብዙውን ጊዜ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሞታል። እንዲህ ያለ ጎብኚ ቢመጣ እያንዳንዱ ቀጠሮው ሕይወት አድን ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚያበቃ ግን አይደለም፣ ማሽኑም ሌላ ነዋሪ የሚጠብቀው ነው። እኔ የምደግፈው ታማሚው በሰላም መጓዝ እስኪችል ድረስ እጥበቱ ሳይቋረጥ እንዲሰጠው፣ በዚያው ጊዜ ወጪው ከመድኑ ወይም ከአገሩ የጤና ተቋም እንዲጠየቅ ነው። ይህ ሁሉንም እንደማያረካ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሰውን ከማሽኑ ላይ አንሥቶ ሂሳብ መጠየቅን ልደግፍ አልችልም።

ወደ ጉልበትዎ ልመለስ። ስምንት ወር የቆዩት የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ የማደንዘዣ ባለሙያና የመኝታ አልጋ ስላነሱ ነው፤ አማትዎ ያን ሌሊት የሚያስፈልጓቸው የልብ ምርመራና የደም ናሙና የእርስዎን ወረፋ አይወስዱም። ሆኖም ሌላ ጎብኚ በጎብኚ ቪዛ ገብቶ ጉልበቱን በነፃ ለማስቀየር ቢሰለፍ ወረፋው በእርግጥ የእርስዎ ነው፤ ይህን መቃወምዎ ጭካኔ አይደለም።

ስለ ክፍያ ለመነጋገር ትክክለኛው ቦታ የቪዛ ማመልከቻው ነው። የሸንገን አገሮች (በአንድ የጋራ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ቪዛ የሚጠይቅ ጎብኚ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን እንዲያቀርብ ያስገድዳሉ። ሐኪሙ ድንበር ጠባቂ እንዳይሆን ከተፈለገ የተሻለው መንገድ ይህ ይመስለኛል። መድኑ ሲገዛ ግን ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ ቀድሞ የነበረን ሕመም አይሸፍኑም፣ ለአረጋውያንም የዕድሜ ገደብ ያላቸው አሉ። አማትዎ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ካለባቸው ደብቀው አይፈርሙ፤ የተደበቀ ሕመም ካሳ ለመከልከል የመጀመሪያው ምክንያት ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎብኚ ስንል ለአጭር ጊዜ የመጣውን ማለታችን ነው፤ ያለ ፈቃድም ቢሆን ለዓመታት የሚኖረው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ስፔን በ2012 መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ሰዎች ከሕዝብ ጤና አገልግሎት በአብዛኛው አግልላ በ2018 ውሳኔዋን ቀልብሳለች።

የሆስፒታሉ ሂሳብ ሲደርስዎ ዝርዝሩን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የትኛው አገልግሎት በድንገተኛ ክፍል፣ የትኛው ከተኙ በኋላ እንደተሰጠ ይለይልዎት፣ ምክንያቱም በብዙ አገሮች የሁለቱ አከፋፈል ይለያያል። በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻሉ በየወሩ ለመክፈል ያመልክቱ። ለአማትዎ የክትትል ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ከሆነ ግን ሂሳቡን ፈርተው እንዳያስቀሩት እለምንዎታለሁ፤ በቀጠሯቸው ቀን ይዘዋቸው ይሂዱ።